ቡፌ ላይ የተደረደሩት አምስቱ

አክስቴ ሳሎን ሲገባ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ቡፌው ነው። መሃሉ ላይ ቴሌቪዥኑ፣ ከመስታወቱ ጀርባ የሰርጓ የሻይ ብርጭቆዎች፣ ዳር ላይ አቧራ የማይጠፋው የላስቲክ አበባ። ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙ አምስት ትናንሽ ጥቁር ስፒከሮች አሉ፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሁለት። ስድስተኛው፣ ወፍራሙ፣ ሶፋው ጥግ ዳንቴል ለብሶ ስልክ ይቀመጥበታል። ይህን ሆም ቴአትር ልጇ ከዱባይ ከላከችላት ስምንት ዓመት ሆኖታል። በስምንት ዓመት ውስጥ አንዱም ስፒከር ከቡፌው ወርዶ አያውቅም።

«ተኩሱና ሙዚቃው ቤቱን ያናጋዋል፤ ሰው ሲያወራ ግን አይሰማም» አለችኝ አንድ ቅዳሜ ቡና እየቆላች። «እስቲ እየው፣ ተበላሽቶ እንደሆነ።»

አልተበላሸም። ዙሪያዋን እንዲከባት የተሠራ ዕቃ ፊት ለፊቷ ተሰልፎ ይጮህባታል እንጂ። እንዲህ ያለ ሳሎን ብዙ ቤት አይቻለሁ። ገመዱ ምንጣፍ ላይ እንዳይታይ፣ ልጅ እንዳይጠልፈው፣ ግድግዳው እንዳይበሳ እየተባለ ስፒከሮቹ አንድ ላይ ይሰበሰቡና የቡፌ ጌጥ ይሆናሉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 5.1 ደግሞ እንደ ሞተር ጉልበት ይነበባል፤ 7.1 ከሆነ ይበልጥ ይጮሃል፣ 2.1 ከሆነ ያንሳል ይባላል። ቁጥሩ ስለ ጩኸት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። የሚናገረው ድምፁ ከየት ከየት እንደሚመጣ ነው፤ የጉልበት ሳይሆን የአድራሻ ቁጥር ነው። ቡናው እስኪፈላ ልጨርስ ብዬ ጀመርኩ፤ መሸብኝ።

የድምፅን አድራሻ ማወቅ የጆሮ የዕለት ሥራ ነው። ከግራ የተነሳ ድምፅ ግራ ጆሯችን ጋ ቀድሞ ይደርሳል። የሁለቱ ጆሮዎች ልዩነት ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ አንጎል ግን ይህችን ቅንጣት ሳያባክን ይቆጥራታል። ጭንቅላታችን ራሱም ለማዶኛው ጆሮ ጥላ ይሆናል፤ በተለይ ቀጫጭን ድምፆች እሱን ዞረው ሲደርሱ ይደክማሉ። ከላይ ነው ከታች፣ ከፊት ነው ከኋላ የሚለውን ደግሞ የጆሮ ቅጠላችን እጥፋቶች ይነግሩናል። በበዓል ሌሊት ቅኔ ማኅሌት ቆሞ ያነጋ ሰው ይህን ያለ መሐንዲስ ያውቀዋል። በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ የሚመሩት ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት ቆመው ዜማውን ሲቀባበሉ፣ ጸናጽሉ ከሁለቱም ጎን ሲንሿሿ፣ ከበሮው መሃል ገብቶ ወዲያ ወዲህ ሲል። ያንን በአንድ ማይክሮፎን ቀድታችሁ በአንድ ስፒከር ብታሰሙት ዜማው አለ፤ ቦታው የለም።

ቦታውን ለመመለስ ከተጨነቁት ቀደምቶች አንዱ እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ነው። እንደሚተረከው በ1931 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገባ። ተዋናዩ ከሸራው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲራመድ ድምፁ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ይህ አበሳጨው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዛሬ ስቴሪዮ ለምንለው ነገር የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። ስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ላይ ሲውል ግን አላየም፤ በ1942 የራዳር ሙከራ ላይ ሳለ አውሮፕላኑ ተከስክሶ በ38 ዓመቱ ሞተ። በሁለቱ ዓመታት መሃል፣ በ1940፣ ዋልት ዲስኒ «ፋንታሲያ»ን ሲያወጣ ኦርኬስትራው ተመልካቹን እንዲከበው ፈልጎ ፋንታሳውንድ የተባለ ዘዴ አሠራ። ድምፁ ከሥዕሉ ተለይቶ በሌላ ፊልም ላይ ይቀዳና ሁለቱ ፊልሞች እኩል ይዞሩ ነበር። ዕቃው ከባድ፣ ዋጋው የማይቀመስ ስለነበር ጥቂት አዳራሾችን ብቻ አይቶ ቀረ።

ወደ ቡፌው ልመለስ። ከታችኛው መሳቢያ አጠገብ የጋሼ ካሴት ማጫወቻ እስከ ዛሬ አለ። ጋሼ የአክስቴ ባለቤት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ያንን ዕቃ ከራሳቸው በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። ፊቱ ላይ ጀርባና ጀርባቸውን የተሰጣጡ የሚመስሉ ሁለት ዲዎች፣ ከሥራቸው አንዲት ቁልፍ ነበረች። እሳቸው ለቡና ሲወጡ እንጫናታለን፤ ድምፁ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይታፈናል፤ ደንግጠን እንመልሳታለን። ዶልቢ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ላይ ነው። ያኔ ስሙ ከዙሪያ ድምፅ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። አሜሪካዊው ሬይ ዶልቢ በ1965 ለንደን ላይ ድርጅቱን ሲያቋቁም ጠላቱ አንድ ነበር፤ የቴፕ «ሽሽሽታ»። ሲቀዳ ደካሞቹን ቀጫጭን ድምፆች ከፍ ማድረግ፣ ሲጫወት በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ፤ ሽሽታው አብሮ ዝቅ ይላል። የእኛዎቹ ካሴቶች ሲገለበጡ ከፍ ሳይደረጉ ስለተቀዱ፣ ቁልፏ ስትጫን ያልተጨመረውን ትቀንስ ነበር። ጋሼ ጥፋቱን የልጆች ጣት ላይ ያሳብቡ ነበር፤ ቢሰሙኝ ይህን ብነግራቸው ደስ ባለኝ።

ሽሽታን የገደለው ዘዴ ሲኒማ ቤት ሲገባ ሌላ በር ከፈተ። በፊልም ጠርዝ ላይ ያለችው የድምፅ መስመር ጠባብ ናት፤ ሽሽታው ሲቀንስ ግን ሁለት መስመር ጎን ለጎን ለማስቀመጥ በቃች። ከ1975 ጀምሮ ዶልቢ ስቴሪዮ የሚባለው ያ ነው፤ በ1977 «ስታር ዋርስ» ሲወጣ ዓለም አወቀው። ትልቁ ብልሃት ሁለቱ መስመሮች ላይ አራት ድምፅ መጫኑ ነው፦ ግራ፣ መሃል፣ ቀኝና የኋላ። ሁለቱም መስመሮች ላይ እኩል ያለው ነገር ወደ መሃል ይሄዳል። አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚስበው፣ ማለትም በተቃራኒ የሚወዛወዘው፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። የቀረው ግራና ቀኝ። ከሰምና ወርቅ ጋር ሳላመሳስለው ማለፍ አልቻልኩም፤ መፍቻ የሌለው አዳራሽ ሰሙን፣ ተራውን ስቴሪዮ፣ ሰምቶ በደስታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መፍቻ ያለው ወርቁን ያወጣል። በ1982 ይህ መፍቻ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ፤ በ1987 ፕሮ ሎጂክ ተብሎ የመሃሉን ስፒከር ጨመረ።

የመሃሉን ስፒከር። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የአክስቴ ስሞታ ያለው እዚህ ነውና።

ስፒከሮቹን ገልብጬ ጀርባቸውን አየሁ። መሰኪያቸው በቀለም ተለይቷል፤ የፊት ግራው ነጭ፣ የፊት ቀኙ ቀይ፣ የመሃሉ አረንጓዴ፣ የኋላዎቹ ሰማያዊና ግራጫ፣ የወፍራሙ ሐምራዊ። አረንጓዴው የት ነበር? በግራ ጫፍ፣ ከላስቲክ አበባው ጀርባ። ዲስክ ታይ በነበረበት ዘመን የተዋናዩ ንግግር በሙሉ ከአበባው ውስጥ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ፊልም ላይ ንግግር በአብዛኛው የሚቀመጠው መሃሉ ላይ ብቻ ነው፤ ይህ ስፒከር ከተሸፈነ ወይም ከተጣለ የሰው ቃል ይጠፋል፣ ፍንዳታውና ሙዚቃው ይቀራል።

ሁለት ስፒከር እኩል ሲናገር መሃል ላይ ሰው የቆመ ይመስል የለ? ይመስላል፤ ልክ መሃሉ ላይ ለተቀመጠ ሰው። አክስቴ ግን መሃል ተቀምጣ አታውቅም። የእሷ ቦታ የሶፋው የቀኝ ጫፍ፣ ለማድ ቤቱ በር ቅርብ የሆነው ነው። እዚያ ለተቀመጠ የቀኙ ስፒከር ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጆሮ ደግሞ ቀድሞ የደረሰውን አምኖ የኋለኛውን እንደ ማሚቶ ይንቀዋል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ በ1940ዎቹ መጨረሻ አጥንቶ ስሙ የተሰጠው ጠባይ ይህ ነው። የምናብ ተዋናዩ ወደ ቀኝ ተንሸራትቶ መጋረጃው ውስጥ ይገባል። መሃል ላይ እውነተኛ ስፒከር ካለ ግን ዳር የተቀመጠውም ቃሉን ከተዋናዩ አፍ ይሰማዋል። አረንጓዴውን ከአበባው አስጥዬ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጥኩት፤ አፉን በመጠኑ ወደ ላይ፣ ወደ ጆሮዋ ቀና አድርጌ። ከዚህ ሌላ ምንም ባላደርግም የዕለቱ ሥራ ግማሹ አልቆ ነበር።

ቀጥዬ ወደ ገመዱ። ሆም ቴአትሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘው በቀይና ነጭ ገመድ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ነበር። በዚያ ገመድ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚያልፈው። ሁለት ድምፅ ወደ አምስት ስፒከር ሲገባ ስፒከሮቹ የተሰኩበት የሆም ቴአትሩ ሳጥን ያለውን ለሁሉም ያካፍላል፤ አምስት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ሲናገር ማለት ነው። ገበያ ላይ 5.1 ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ከቀይና ነጭ፣ ከፍላሽና ከብሉቱዝ ሌላ መግቢያ የሌላቸው ሞልተዋል። እኔም ከዓመታት በፊት አንዱን በውድ ገዝቼ፣ ሻጩ «ኦርጅናል ሰራውንድ» ብሎ ምሎልኝ፣ ለአንድ ወር ሙሉ ከኋላዬ የሚመጣ ነገር ስጠብቅ ከርሜያለሁ። ስፒከሮቹን መቁጠር ዋጋ የለውም፤ ሳጥኑ የታሸገውን ይፈታል ወይ ነው ጥያቄው።

የታሸገው ያልኩት ምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ኋላ ትንሽ ልሂድ። በ1979 የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «አፖካሊፕስ ናው» ሲወጣ፣ የድምፁ ሰው ዋልተር መርች በሰፊው የ70 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ የኋላውን ድምፅ ለሁለት ከፈለው፤ ግራ ኋላና ቀኝ ኋላ። መጀመሪያው ላይ ያለችው ሄሊኮፕተር አዳራሹን የምትዞረው በዚህ ነው። ፊት ሦስት፣ ኋላ ሁለት፣ ለነጎድጓዱ የብቻው አንድ፤ ዛሬ ሳሎናችን ያለው ቅርጽ እዚያ ተሟልቶ ነበር። ስሙን ያወጣለት ግን ቶምሊንሰን ሆልማን ነው፣ በ1987። አምስቱ ሙሉ ድምፅ ይሸከማሉ። ስድስተኛው ከ120 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ስለሚይዝ እንደ ሙሉ አይቆጠርም፤ ነጥብ አንድ ተባለ። ሰው ከሚሰማው 20,000 ሄርዝ አንጻር 120 አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ሆልማን እጁን ዘርግቶ ለጋስ ሆነለት ማለት ይሻላል።

ከዚያ ፉክክሩ ጦፈ። በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» ዶልቢ ዲጂታልን ይዞ መጣ፤ ስድስቱ ድምፅ በቁጥር ተለውጦ በፊልሙ ጠርዝ ቀዳዳዎች መሃል ባሉት ክፍተቶች ላይ እንደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ታተመ። በዓመቱ «ጁራሲክ ፓርክ» ዲቲኤስ በተባለ ሌላ ዘዴ ወጣ። የዲቲኤስ ሰዎች ዲጂታሉን ድምፅ ፊልሙ ላይ ለመጨናነቅ አልፈለጉም፤ በሲዲ ለብቻ ላኩት፣ ፊልሙ ላይ ሲዲውን የሚመራ የሰዓት ምልክት ብቻ አተሙ። ሶኒም በዚያው ዓመት የራሱን አመጣና ቁጥሮቹን በፊልሙ የውጪ ጫፎች ላይ አሰፈረ። የዚያን ዘመን የ35 ሚሊ ሜትር ቅጂ ብርሃን ላይ ብትይዙት አራቱንም ተጠጋግተው ታያላችሁ፤ የድሮዋን የብርሃን መስመር፣ የዲቲኤስን ምልክት፣ የዶልቢን ነጠብጣብ፣ የሶኒን ጠርዝ። ተፎካካሪዎች አንድ አልጋ ላይ እግር ለእግር ተኝተው።

ያ ሁሉ እንዴት በዚያች ክፍተት ገባ? አንድ የሙዚቃ ሲዲ ለሁለት ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይፈልጋል። ዶልቢ ዲጂታል ፊልም ላይ ስድስቱን በ320 ኪሎቢት፣ ዲቪዲ ላይ ቢበዛ በ448 ያስገባል። ምስጢሩ ጆሮ የማይሰማውን መጣል ነው። ከበሮ ሲመታ አጠገቡ ያለው ሹክሹክታ አይሰማም፤ እንግዲያው ሹክሹክታውን በጥራት ለመጻፍ ቦታ አይባክንም። ብሉ ሬይ በ2006 ሲመጣ ቦታ ስለበዛ ምንም የማይጥሉ ማሸጊያዎች ተከተሉ፤ ዶልቢ ትሩ ኤችዲ እና ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ። በኢንተርኔት ከኔትፍሊክስ የሚመጣው ደግሞ ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ነው፤ ይህም የሚጥል ነው፣ ግን ከአባቱ በተሻለ ብልሃት።

ፎርማት ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እንደሚጠሩ ልብ በሉ። አንዱ ቅርጹ ነው፤ ስንት ድምፅ፣ የት የት። ሁለተኛው ማሸጊያው ነው፤ ድምፁ ተጠቅልሎ በምን ቋጠሮ እንደሚላክ። ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ማሸጊያው ላይ ነው፣ ካርቶን ላይ በወርቃማ ቀለም የሚታተመው እሱ ስለሆነ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን በተራ ሳሎን ውስጥ በትሩ ኤችዲና በዶልቢ ዲጂታል ፕላስ መሃል ያለው ልዩነት አንድን ስፒከር ከቡፌ አውርዶ ትክክለኛ ቦታው ከማስቀመጥ ጋር አይወዳደርም። ባለሙያ ይቆጣኝ ይሆናል፤ ይቆጣ።

ገመዱን ቀየርኩት። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አቧራ ውስጥ አንድ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ላይ «ኤአርሲ» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ተመልሶ ወደ ሆም ቴአትሩ የሚወርድበት መንገድ ነው። የሆም ቴአትሩም ጀርባ አቻው አለ፤ ስምንት ዓመት ላስቲኩ አልተነቀለም። ገመዱን ሰክቼም አምስቱ አልተለያዩም። ቴሌቪዥኑ ቅንብሩ ውስጥ «ፒሲኤም» ላይ ነበር፤ በብዙ ቴሌቪዥን ይህ ማለት ድምፁን እኔ ፈትቼ ሁለት አድርጌ ልስጥህ ነው። «ቢትስትሪም» ላይ ሳደርገው የታሸገው እንደታሸገ ወረደ፤ የሳጥኑ ትንሽ መስኮት ላይ የጋሼ ሁለት ዲዎች በሩ። ምንም የማይጥለው ትልቁ ቋጠሮ ግን በዚህ መንገድ አያልፍም፤ ለእሱ ከ2017 ወዲህ የመጣው ኢ-ኤአርሲ የሚባለው ሰፊ መንገድ ያስፈልጋል። የአክስቴ ዕቃ ለዚያ አልደረሰም፤ እሷም አልናፈቃትም።

አማርኛ ፊልም ከፈተች። ከዩቲዩብ የሚመጡት በአብዛኛው ባለ ሁለት ድምፅ ናቸው፤ ለእነሱ የድሮው ሰምና ወርቅ ተመልሶ ይመጣል። ሳጥኑ ውስጥ ፕሮ ሎጂክ 2 የሚባል ቅንብር አለ፤ ሁለቱ ላይ እኩል ያለውን ወደ መሃል ይልከዋል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ንግግሩን ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያስቀምጡት፣ ማንም ሳያስብበት የእናትና የልጁ ጭቅጭቅ ወደ አረንጓዴው ስፒከር ሄደ። አክስቴ ጀበናውን አስቀምጣ «አሁን ሰማሁ» አለች። ማታ ማታ ደግሞ የሌሊት ቅንብሩን እንድትከፍት አሳየኋት፤ የሚጮኸውን ዝቅ፣ የሚያንሾካሹከውን ከፍ ያደርጋል። የሲኒማ ድምፅ የሚቀናበረው ለትልቅ አዳራሽ ነው፤ ተኩሱ እንደ ተኩስ እንዲሆን። ኮንዶሚኒየም አዳራሽ አይደለም፤ ከሥሩ ጎረቤት አለ።

ጎረቤት ከተነሳ ወፍራሙን ላንሳ። ስልኩንና ዳንቴሉን አወረድኩለት። ከ80 ሄርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ በቀላሉ አይለይም፤ አንዱ ሞገድ ብቻ ከ4 ሜትር ይበልጣል፣ ጭንቅላታችን ደግሞ ለእሱ ጥላ ለመሆን ትንሽ ነው። ስለዚህ ወፍራሙ የትም ቢቀመጥ ይሆናል ይባላል። አቅጣጫን በተመለከተ እውነት ነው፤ ብዛቱን በተመለከተ ግን አይደለም። የአክስቴ ሳሎን ርዝመት ከአንድ ሞገድ እምብዛም አይበልጥም። ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ እዚህ ይደመራል፣ እዚያ ይጠፋፋል፤ ጥግ ላይ ሲሆን ደግሞ ያብጣል። ያለው ዘዴ ያስቃል ግን ይሠራል። ወፍራሙን እሷ የምትቀመጥበት ሶፋ ላይ ሰቀልኩት፣ ባስ የበዛበት ዘፈን ከፈትኩ፣ ከዚያ በእጄና በጉልበቴ የግድግዳውን ሥር ተከትዬ ዳኽኩ። ድምፁ ሳያብጥ ሳይጎድል ደህና የሚሰማበት ቦታ የወፍራሙ ቦታ ነው፤ ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አንድ ስለሆነ። «አሁንስ አበድክ» አለችኝ፤ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት። ከቡፌው ጎን፣ ከጥጉ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ደህና ነበር። ሥሩ ወፈር ያለ ስፖንጅ አደረግንለት፤ ከታች ያሉት ሴትዮ ስለ ፍንዳታ ሁለቴ ቅሬታ አቅርበው ነበርና።

የጎረቤት ልጅ በዚህ መሃል ገብቶ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «አትሞስ አይሻልም?» አለ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እስከ 2012 ድረስ ድምፅ የሚላከው ለስፒከር ነበር፤ ይህ ለግራ ኋላው፣ ይህ ለመሃሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ እንደምንናገረው፤ ከፋርማሲው ጀርባ፣ ከሰማያዊው በር ቀጥሎ። ፋርማሲው ከሌለ ሰውየው ይጠፋል። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ «ብሬቭ» የተባለው የአኒሜሽን ፊልም ሎስ አንጀለስ ዶልቢ ቴአትር ሲታይ ያስተዋወቀው ዶልቢ አትሞስ ስፒከሩን ትቶ ቦታውን ይጽፋል፤ ይህች ወፍ በዚህ ሰዓት ከራስጌ እዚህ፣ ከዚያ ወዲያ። የትኛው ስፒከር እንደሚናገር የሚወስነው አዳራሹ ያለው ማሽን ነው፤ ያሉትን ስፒከሮች ቆጥሮ ቅርቡን ይመርጣል። ሲኒማ ላይ እስከ 128 የድምፅ መስመርና እስከ 64 ስፒከር ያስተናግዳል። ቤት የገባው በ2014 ነው፤ ዲቲኤስም በ2015 የራሱን ዲቲኤስ ኤክስ አመጣ። ቁጥሩም ሦስተኛ አሃዝ ጨመረ፤ 5.1.2 ሲባል መጨረሻው የራስጌዎቹ ቁጥር ነው።

ኮርኒስ በስቶ ስፒከር መስቀል የማይፈልግ ሰው አፋቸው ወደ ላይ የዞረ ስፒከሮች ይገዛል፤ ድምፁ ኮርኒሱን መትቶ ይወርዳል። እዚህ ላይ ኮንዶሚኒየም፣ የሚወቀስበት ብዙ ነገር እያለ፣ በአንድ ነገር ያሸንፋል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው፣ ከፍታውም ዶልቢ ከሚመክረው 2.3 እስከ 3.7 ሜትር ውስጥ ይገባል። በአንጻሩ የአያቴ ቤት የአቡጀዲ ኮርኒስ ድምፁን ይውጠዋል፤ የሚሯሯጠው አይጥ ብቻ ነው ከላይ የሚሰማው። ልጁን ያልኩት፦ አምስቱ ቡፌ ላይ ተሰልፈው እያለ ሌላ ሁለት መጨመር ሰልፉን ማርዘም ነው።

የቀሩት ሁለቱ ነበሩ፣ የኋላዎቹ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ባወጣው ምክር መሠረት የፊት ግራና ቀኝ ከመሃሉ 30 ዲግሪ፣ የኋላዎቹ ደግሞ 110 ዲግሪ አካባቢ ይሁኑ፤ ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ፍጹም ከጀርባ አይደለም። ሶፋው ግድግዳ ስለተደገፈ ወደ ኋላ ቦታ የለም፤ ግራና ቀኝ ጎኗ ላይ፣ ከራስ ትንሽ ከፍ ብለው ይቀመጡ አልኩ። ዲግሪ መለኪያ ስለሌለን የልብስ ማስጫ ገመድ ቆርጠን ከሶፋው መሃል ወደ እያንዳንዱ ዘረጋን። ለግራው የመጋረጃው ዘንግ አጠገብ አንድ ሚስማር ነበር። ለቀኙ የጥግ መደርደሪያው ልክ ነበር፤ 1.5 ሜትር፣ ማዕዘኑም ተስማሚ። ርቀቶቹን በሪሞት አስገባሁ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ሳጥኑ ቅርቡን አዘግይቶ ሁሉም እኩል እንዲደርሱ ያደርጋል። ከዚያ መሞከሪያውን ከፈትኩ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዞር «ሽሽሽ»።

«ምጣድ ላይ ውኃ ተረጨ እንዴ?» አለች ከማድ ቤት ብቅ ብላ።

ተራ በተራ የሁሉንም ከፍታ አስተካከልኩ። አስቀምጣ የረሳቻቸውን ዲስኮች አገላብጣ አንድ የጦርነት ፊልም አወጣች፤ የጋሼ ነበር። ዝናብ ጀመረ፤ ከፊት ሳይሆን ከየአቅጣጫው። ከግራ ጎኗ ከመጋረጃው በኩል አንድ ሰው ጭቃ ውስጥ ሲራመድ መስኮቱን ዞራ አየች። ከዚያ ከቀኝ መትረየስ ተንጣጣ። አክስቴ ተነሳች፤ የተቆጣች መስሎኝ ሪሞቱን ያዝኩ። ጥግ ወዳለው መደርደሪያ ሄዳ ስፒከሩን በሁለት እጇ አነሳችው። አጠገቡ የማርያም ሥዕልና ግማሽ የደረሰች ጧፍ አሉ።

«እዚህ አይሆንም» አለች። «ከእመቤቴ ጎን ተኩስ አይጮህም።»

ማዕዘኑን ላስረዳት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ፍሪጁ ላይ የነበረውን የሸክላ ሰሃን አንስታ ስፒከሩን በቦታው አስቀመጠችው፤ ገመዱ እንዳይታይም ከፍሪጁ ጀርባ አሳልፋ ሰካችው። ልጁ የልብስ ማስጫውን ገመድ ዘረጋ፤ 2 ሜትር ከ10 ሆነ። ሪሞቱን አንስቼ የቀኝ ኋላውን ርቀት ከ1.5 ወደ 2.1 ቀየርኩ፤ እሷም ፊልሙን ከዝናቡ ጀምሬ እንድመልሰው አዘዘችኝ።